ባዮኮንትሮል ምንድን ነው? አረምን በገዛ ጠላቱ ማስበላት

ክረምት ላይ ሸዋ ሮቢት አጎቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። ጠዋት ማሾው ዳር ስንወጣ የሚቀበለን ያው ነጫጭ አበባ ያለው አረም ነው። ፓርቲኒየም። አጎቴ በስሙ አይጠራውም፣ "ይሄ እርጉም" ነው የሚለው። ሲነቅለው ቆዳውን ስለሚያሳክከው እጁ ላይ ፌስታል ይጠመጥማል። ላሟ ከበላችው ደግሞ ወተቱ ይመራል። አንድ ቀን "ሌላ አገር እኮ አረሙን ለጥንዚዛ ነው የሚያስበሉት" ብዬ አወራሁት። ቀና ብሎ አየኝና "እሱን ጨርሶ ሲርበውስ? ወደ ጤፌ ሊዞር ነው?" አለኝ።

ባዮኮንትሮል የሚባለው ነገር በሙሉ የቆመው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ማንኛውም ተክል አገሩ እያለ ጠላት አለው። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ፣ ግንዱን የሚቦረቡር ትል፣ የሚያጠወልግ ሻጋታ። ተክሉ በእህል ተደባልቆም ይሁን ለጌጥ ተብሎ ባሕር ሲሻገር ግን ጠላቶቹ እዚያው ይቀራሉ። ፓርቲኒየም መነሻው ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው፣ እኛ ጋ የገባው ከእርዳታ እህል ጋር ነው ተብሎ ይታመናል። አንዷ ተክል እስከ 25 ሺህ ዘር ልታፈራ ትችላለች፣ የሚነካት ከሌለ ደግሞ ማን ያቆማታል? ባዮኮንትሮል ማለት ያንን የቀረውን ጠላት አገሩ ድረስ ሄዶ ፈልጎ፣ ፈትኖ፣ አምጥቶ መልቀቅ ነው። ከሁሉም ከባዷ "ፈትኖ" የምትለዋ ናት።

ነገሩ ይበልጥ የጠነከረው ደሴቶች ላይ ነው። የደሴት ደን ለብቻው የኖረ ስለሆነ ኃይለኛ እንግዳ ሲመጣበት መሸሻ የለውም። በእርሻ የተከበበ የቤተ ክርስቲያን ደን አይታችሁ ከሆነ ስሜቱ ይገባችኋል። ታሂቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 ሚኮኒያ የሚባል፣ ሰፋፊ ቅጠሉ ከሥሩ ሐምራዊ የሆነ ዛፍ ለውበቱ ተብሎ ተተከለ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ዛሬ የደሴቲቱን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወሯል፣ ጥላው ሥር ደግሞ የአገሩ ችግኝ አይበቅልም። ገደል ለገደል እየወጡ መንቀል ስለማይቻል እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ሻጋታ ተለቀቀበት። ሻጋታው ትልቁን ዛፍ አይጥለውም። ቅጠሉን ይበሳሳዋል፣ በቀዳዳው ብርሃን ይገባል፣ መሬት ላይ ታፍኖ የነበረው ችግኝ ቀና ይላል። በቃ፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ሃዋይ ላይ ያለው ታሪክ ለእኛ የሚቀርብ ነው፣ ምክንያቱም የዘይቱን (ጉዋቫ) ጉዳይ ነው። የእኛ ዘይቱን የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ፍሬው ትንሽና ቀይ የሆነ ዛፍ ደኑን ወረረው። ብራዚል ውስጥ ግን ቅጠሉን የሚያሳብጥ ጥቃቅን ነፍሳት አለው። ሁለቱ ዛፎች ጎን ለጎን በቅለው እንኳ ነፍሳቱ ተራውን ዘይቱን አይነካም። ለዓመታት ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ መጀመሪያ ሃዋይ ላይ ተለቀቀ። ፍሬውን የሚወዱ ሰዎች ተቃውመው ነበር፣ እኔም ብሆን ሳልቃወም የምቀር አይመስለኝም።

እዚያው ሃዋይ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚያስብል ነገርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1883 የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች አይጥ ይፍጅልን ብለው ሽልምጥማጥ መሳይ አውሬ፣ ሞንጉስ፣ አስመጡ። አይጥ በሌሊት ትወጣለች፣ ሞንጉስ ቀን ያድናል። ስለዚህ የወፍ እንቁላልና ጫጩት ላይ ዘመተ። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንስሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚፈለገው አንድ ምግብ ብቻ የሚያውቅ፣ እሱን ካጣ በረሃብ የሚሞት መራጭ ነው።

ታዲያ መራጭነቱ በምን ይታወቃል? ነፍሳቱን ከሌላ ተክል ጋር ብቻ ዘግተው ይተዉታል። ወይ ይበላል ወይ ይሞታል። ፈተናው የሚጀመረው ከአረሙ ዘመዶች ነው። እዚህ ላይ አጎቴ የተሳሳተ ሰብል ጠርቷል፤ ጤፍ ለፓርቲኒየም ሩቅ ነው፣ ሣር ነው። የሥጋ ዘመዱ ኑግ ነው! ለዚህ ነው ዚጎግራማ የሚባለው ቅጠል በሊ ጥንዚዛና ሊስትሮኖተስ የሚባለው ግንድ ቦርቧሪ አገር ውስጥ ሲገቡ አምቦ ላይ በኳራንቲን ተይዘው፣ ከእነ ኑግ ጋር ተፈትነው፣ ከዚያ በኋላ ወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቁት።

ፈተና አለፈ ማለት ግን ዓይን ይነሳበታል ማለት አይደለም። ሕንድ ውስጥ ዚጎግራማ የሱፍ አበባ ላይ ተገኝቶ ጉድ ተብሎ ነበር፤ ሲጣራ የፓርቲኒየም ብናኝ ቅጠሉ ላይ አርፎ ጥንዚዛውን አታልሎታል። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ የወፍ ቆሎ (ላንታና) የሚባለውን አረም ይብላልን ተብሎ የመጣ ነፍሳት አጠገቡ ያለ የሰሊጥ ማሳ ላይ ወጥቷል። የሚደበቅ ነገር አይደለም። ግን መድኃኒት መርጨቱም፣ አረሙን ዝም ብሎ መተዉም የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

ደግሞ ጥንዚዛው አረሙን ጠራርጎ አያጠፋም። ምግቡን ከጨረሰ እሱም ያልቃል። ቁጥሩን ያወርደዋል፣ አበባውንና ዘሩን ይቀንሰዋል፣ የቀረውን ሰው ሳያብብ ይነቅላል።

ይህን ሁሉ ማታ ቡና ላይ አወራሁለት። የኑጉ ነገር ገባው፣ ራሱን ነቀነቀ።

"አሁን የት ደረሰ አልከኝ?"

"ወለንጪቲ።"

"እሺ። እዚህ እስኪደርስ አንተ አለህልኝ" አለና በነጋታው ጠዋት ፌስታል አቀበለኝ።