ስለ እንቅርት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል ሁለቱን ሕመሞች ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው ብዙዎች ተመሳሳይ ይመስሏቸዋል። ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው፤ የምራቅ ዕጢ ያመነጨውን በቱቦ ወደ አፍ ያፈሳል። እንቅርት ግን የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ ነው። ይህ ዕጢ ቱቦ ስለሌለው ሆርሞኑን፣ ማለትም የሰውነትን ሥራ የሚመራውን ንጥረ ነገር፣ በቀጥታ ወደ ደም ይለቃል፤ በመሆኑም አንገት ላይ ተቀምጦ የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴና የፅንስን የአእምሮ ዕድገት ይመራል።

«እንቅርት ከውኃው ነው» የሚለው አመለካከት ከእውነት ብዙም አይርቅም፤ የሚሳሳተው ውኃው ውስጥ መጥፎ ነገር አለ ብሎ ሲያስብ ነው። በደጋ አገር ዝናብ አዮዲን የተባለውን የአፈር ማዕድን ለዘመናት አጥቦ ስለወሰደው ውኃውም እህሉም አዮዲን ያንሰዋል። ታይሮይድ ደግሞ ያለ አዮዲን ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን መሥራት አይችልም። የሆርሞኑ መጠን በደም ውስጥ ሲቀንስ፣ ከአንጎል ሥር የምትገኘው ሽምብራ የምታክል ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን የሚያነቃቃ ሆርሞን አብዝታ ትልካለች፤ ታይሮይድም ትእዛዙን ለመፈጸም ሲጣጣር እያደገ ይሄዳል። እብጠቱ እንግዲህ ዕጢው እጥረቱን ለመቋቋም የሚያደርገው ጥረት ውጤት ነው። ከባድ ሸክም መሸከም ያመጣዋል የሚባለው ግን መሠረት የለውም።

«መልክ ከማበላሸት በቀር አይጎዳም» የሚለው እጅግ ያሳስበኛል። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። በእርግዝና ወቅት እጥረቱ ሲከፋ የልጁ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ጉዳት ከተወለደ በኋላ በሚሰጥ አዮዲን አይመለስም።

እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞን አንሶታል ማለትም አይደለም። ልኩ ትክክል የሆነ ብዙ ነው፤ ሆርሞኑ በዝቶ ልቡ በፍጥነት የሚመታበት፣ የሚያልበውና የሚከሳም አለ። ለረጅም ጊዜ የቆየና እባጭ የበዛበት እንቅርት ብዙ አዮዲን በድንገት ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ የአዮዲን መድኃኒት ያለ ደም ምርመራ በራስ ፈቃድ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

«ጨው ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም መታረም አለበት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል። የሚያስፈልገው ጨው ማብዛት ሳይሆን የተለመደውን ያህል አዮዲን ካለው ጨው መጠቀም ነው። አዮዲን ግን በሙቀት፣ በእርጥበትና በብርሃን ይባክናል፤ በክፍት ጆንያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል የገበያ ጨው ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። በቤት ውስጥ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ከምድጃ ማራቅ፣ ወጥ ውስጥም ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል።