«አለች አህያ»ን አትቁረጧት

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ አራት ኪሎ በታክሲ ስሄድ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ይከራከራሉ። አንደኛው ስለ ዩኒቨርስ የሆነ ቪዲዮ አይቶ መጥቷል። ፀሐይ የቀራት 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው አለ። ከዚያ በፊት ግን፣ 1 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ ምድር ከመጋሏ የተነሳ ውቅያኖሱ ሁሉ ተኖ ያልቃል፤ ኋላም ከዋክብቱ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። «ታዲያ ሁሉም የሚጠፋ ከሆነ የምንለፋው ለምንድን ነው? አባቶቻችን እኮ ጨርሰውታል፦ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል!»

ዞሬ ልመልስለት ስል ቀበና ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። ስለዚህ እዚህ ልጻፍለት።

ሳይንሱ ላይ ጠብ የለኝም። አባቶቻችን ግን እንዲህ አላሉም። ያለችው አህያ ናት። ሙሉው «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ነው። አህያዋ ስትቆረጥ ነቀፋ የነበረው ነገር ምክር ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሰርዶ ነቅሎ የማያውቅ ሰው ደግሞ የተረቱ ቁጣ አይሰማውም። አያቴ ምንጃር ጤፍ ያርሱ ነበር። ማሳቸው ውስጥ የሰርዶን ያህል የሚጠሉት ነገር አልነበረም። መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ከአፈር በታችም ነጭ ሥሩ እንደ ገመድ ይሄዳል። ማረሻ ሲቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ ማለትም አርሰህ ታበዛዋለህ እንጂ አትጨርሰውም። ከገመሳው በኋላ እኛ ልጆች ከበሬዎቹ ኋላ እየተከተልን ሥሩን እንለቅምና ፀሐይ እንዲያደርቀው ድንጋይ ላይ እንከምራለን። አንድ ጊዜ አንዱን ክምር መሬት ላይ ረስተነው ሄድን። ዝናብ መታው። በሳምንቱ ስንመለስ ክምሩ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን።

የሚገርመው ግን አያቴ ድንበሩ ላይ ያለውን ሰርዶ ንክች አያደርጉም። በሁለት ማሳ መካከል ሁለት ክንድ የምትሰፋ መስመር ነበረች። «ይቺ የከብት ናት፣ ተዋት» ይሉኛል።

አንዲት ቡላ አህያ ነበረቻቸው። ከገበያ መልስ ጭነቷ ሲወርድላት አቧራው ላይ ትተኛና አራት እግሯን አንስታ ትንከባለላለች። ከዚያ ተነስታ ትራገፍና በቀጥታ ወደ ድንበሩ ሰርዶ። ከንፈሯን መሬት ላይ አጣብቃ ስትግጥ ጥርሷ ቀጭ ቀጭ ሲል ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። አንድ ሌሊት ደጅ አደረችና ጅብ በላት። ውርንጭላዋ በረት ውስጥ ስለነበረች ተረፈች። ክረምቱ ገብቶ ሰርዶው ሲለመልም ያቺን ውርንጭላ ያየኋት እዚያው ድንበር ላይ፣ እናቷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ስትግጥ ነው።

ስለ ተረቱ አመጣጥ የምገምተውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ የተናገረው ሰው እኔ ያየሁትን ያየ ገበሬ ነው ባይ ነኝ። ለምን «አለች» ሆነ? በተረቶቻችን አህያ ብዙ ጊዜ ሴት ናት ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ነው። ግን እናት ናት ብላችሁ አንብቡት እስቲ፣ ነውሩ ይብሳል። የልጇን ምግብ ነው የረገመችው። እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትግጥ የኖረችው ከእሷ በፊት የሞቱት አህዮች ያልከለከሏትን ሰርዶ ነው። ደግሞስ ከሣሩ ሁሉ ለምን ሰርዶ? አክርማ አላለች፣ ሰንበሌጥ አላለች። አያቴ በማረሻ፣ በልጆች እጅና በፀሐይ ያላጠፉትን ነገር አንዲት አህያ በሞቷ ልታስቀረው ታዛለች። ቃሉን መርጦ አፏ ላይ ያስቀመጠው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሰርዶን በደንብ ያውቀዋል።

የታክሲው ወጣት ሐሳብም ያው የአህያዋ ነው፣ ተገልብጦ እንጂ። እሷ «እኔ ከሌለሁ ምንም አይኑር» አለች። እሱ «አንድ ቀን ምንም የማይኖር ከሆነ የዛሬውም ዋጋ የለውም» ይላል። እኔ ግን ያቺ ውርንጭላ ትዝ ትለኛለች። በ5 ቢሊዮን ዓመት አንድም የሰርዶ አንጓ ላይተርፍ ይችላል። የዚያን ክረምት ረሃቧ ግን ረሃብ ነበር፣ ሰርዶውም ምግብ ነበር። ነገ ሁሉም የሚያልቅ መሆኑ ያኔ የበላችውን አያስተፋትም።

ተረቱ የሚነገርበት ቦታ ሞልቷል። ከተከራየው ግቢ ሲለቅ ራሱ የተከለውን ጌሾ ነቅሎ ለሚሄድ ሰው ይነገራል። ከሥራ ሲነሳ ተተኪው እንዳይሠራበት ፋይሉን ለሚያጠፋ አለቃም ይሆናል። ፊቱ ላይ የሚወረወር ስድብ ነው። ይህን ስድብ አሁን አሁን ሰው ፎቶው ሥር እንደ ጀግና ቃል ሲለጥፈው አያለሁ፣ ያበሳጨኛል። መለጠፍ ካማራችሁ ሁለቱን ቃላት ጨምሩ። አህያዋን ጥላችሁ ንግግሯን ለአባቶቻችን አትስጡ።