የእስስት ቀለብና የወሎ ነፍሳት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

እስስት ነፍሳት በል ናት። ዱር ስትኖር ፌንጣውን፣ ዝንቡን፣ የእሳት እራቱን፣ አባጨጓሬውን፣ ሸረሪቱን፣ ብቻ ያገኘችውን እያፈራረቀች ትበላለች። ሰው ቤት ስትገባ ግን ምርጫው ከእሷ እጅ ይወጣል። ጠባቂዋ የለመደው አንድ ዓይነት ነፍሳት ብቻ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ስትበላ ትከርማለች። ብዙ የቤት እስስቶች የሚታመሙትም በዚሁ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ተሟልቶ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ደግሞ በአብዛኛው የሚያወራው በሳጥን ታሽጎ ከሱቅ ስለሚገዛ ነፍሳት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ንግድ አልተለመደም። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ የተነሳው ከአገሩ ነው፦ ወሎ ውስጥ በእርሻው፣ በቀፎውና በጓዳው ምን አለ? ለእስስት የሚሆነውስ የቱ ነው? ከባቲ ቆላ ተነስቶ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ከ4,200 ሜትር በላይ እስከሚዘልቀው አቡነ ዮሴፍ ድረስ የተዘረጋ አገር በነፍሳት ድሃ ሊሆን አይችልም። ድሃም አይደለም።

እስስቷ

በኢትዮጵያ ደጋ፣ ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ፣ ትራዮሴሮስ አፊኒስ የምትባል ትንሽ እስስት ትኖራለች። ለሳይንስ ያስተዋወቃት በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን የዞረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1845 ነው። እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ሰው ሲያያት መርዝ ያላት ይመስለዋል፤ ልጆችም በድንጋይ ያባርሯታል። መርዝ የላትም። ስትነክስም ትንሽ ያምም እንደሆነ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

በዓለም ላይ በብዛት በቤት የሚያዙት የየመኗ ባለ ቆብ እስስት፣ የማዳጋስካሯ ባለ ቀለምና ባለ ሦስት ቀንዷ የኬንያ እስስት ናቸው። ከዚህ በታች ስለ ምግብ የሚነገረው በአብዛኛው በእነዚህ ላይ የተገኘ ልምድ ነው።

ማፈራረቅ ለምን አስፈለገ?

ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ ፍላጎት ነው። እስስት ምግብ ይሰለቻታል። ጠባቂዎች ይህን ሲናገሩ ኖረዋል፤ ትናንት በጉጉት የበላችውን ፌንጣ ዛሬ ዓይኗን አዙራ ታልፈዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990 በሴኔጋል እስስት ላይ የወጣ ጥናትም ይህንኑ ደግፏል፤ አንድ ዓይነት ነፍሳት ሲሰጣቸው የሰነበቱት እስስቶች ምርጫ ሲያገኙ ወደ ሌላው አደሉ። እንግዲህ «እስስቴ መብላት አቆመች» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ሌላ ዓይነት ነፍሳት ማቅረብ ነው። ያኔም እምቢ ካለች ወደ እንስሳት ሐኪም ይኬዳል።

ሁለተኛው ምክንያት አጥንት ነው። የነፍሳት ሥጋ ፎስፈረስ ይበዛዋል፤ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለምሳሌ ማታ ማታ የሚጮኸው ቡናማ ፌንጣ ውስጥ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ወደ 9 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። እስስቷ የምትፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ለ1 እጅ ፎስፈረስ 2 እጅ ያህል ካልሲየም። ይህ ሳይስተካከል ሲቀር ሰውነቷ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ ይበደራል። መንጋጋዋ ይለሰልሳል፤ እግሮቿ ይጎብጣሉ፤ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል። ሲብስ ምላሷን መወርወር ይሳናታል። ምላስ ለሌላት እስስት ደግሞ ምግብ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የእንቁላል ቅርፊት አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱ ይታጠባል፤ ይቀቀላል፤ ደርቆ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይወቀጣል። ከዚያ ነፍሳቱ ፌስታል ውስጥ ይገባሉ፤ ከዱቄቱ ቆንጠር ተደርጎ ይጨመርና ፌስታሉ በቀስታ ይወዘወዛል። ፌንጣው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው ለእስስቷ ይሰጣል፤ ከቆየ ዱቄቱን አራግፎ ይጥለዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ነፍሳቱ ራሱ የበላው። እስስቷ ፌንጣ ስትውጥ በፌንጣው ሆድ ያለውንም ትውጣለች። ስለዚህ ነፍሳቱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን በደንብ መቀለብ አለበት። ጎመን ጥሩ ነው። የሽፈራው ቅጠል በካልሲየም የታወቀ ነው። ካሮትና ስኳር ድንች ለቫይታሚን ኤ ይጠቅማሉ። ጤፍም ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም ከሚመሰገኑት ነው፤ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ጎመን የበላ ፌንጣ ከየትኛውም አገር ፌንጣ አያንስም። ቆስጣ ግን አይመከርም፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይይዘዋል።

ስለ ቫይታሚን ኤ ክርክር አለ። እስስቶች የካሮቱን ብርቱካናማ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን መቀየር አይችሉም የሚሉ አሉ፤ በመጠኑ ይችላሉ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማማው ጉድለቱ ዓይን እንደሚያሳብጥና መጠኑ ካለፈም እንደሚመርዝ ነው። ካልሲየምን አጥንት ውስጥ የሚያስገባው ቫይታሚን ዲ ግን አያከራክርም። ምንጩ ፀሐይ ነው። የደሴ ፀሐይ በከፍታው የተነሳ ብርቱ ስለሆነ በዚህ በኩል የወሎ ጠባቂ ዕድለኛ ነው። መስኮት ውስጥ ማስቀመጥ ግን ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ደገዛ፣ አንበጣና ሌሎችም

የወሎ ነፍሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ደገዛ ነው። ደገዛ ክንፈ አጭር፣ ደንዳና ፌንጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቶታል። ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለም። በእንግሊዝኛ ሳይቀር የሚጠራው በወሎ ስም ነው። የወሎ ገበሬ ግን በሌላ ነው የሚያውቀው፤ ጤፉ ዘለላ አውጥቶ ፍሬው ወተት ሲቋጥር ይሰፍርበትና ይመጠዋል። በስንዴና በገብስም ላይ ይወርዳል። በተባይነቱ ብዙ የተጻፈለት ስለሆነ ከሌሎቹ የወሎ ነፍሳት ይልቅ ስለ እሱ ብዙ ማለት ይቻላል።

ለእስስት ቀለብነት ያደገው ደገዛ ለደጋዋ ትንሽ እስስት ትልቅ ነው፤ መንጋጋውም ኃይለኛ ነው። የሚሆነው በክረምት፣ ገና ትንሽ ሳለ የሚገኘው ግልገል ነው። መለኪያው ለነፍሳት ሁሉ አንድ ነው፦ የነፍሳቱ ቁመት በእስስቷ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት ብዙም አይብለጥ። አንድ ነገር ግን ሳይጣራ አይሆንም፤ ያ ማሳ መድኃኒት ተረጭቶበታል?

ይህ ጥያቄ በአንበጣ ላይ ይብሳል። አውሮፓ ውስጥ አንበጣ ከዋነኞቹ የእስስት ምግቦች አንዱ ነው፤ እዚያ ሰው የሚያረባው ነው። ኩብኩባው ለወጣቶቹ፣ ክንፍ ያወጣው ለትልልቆቹ ይሰጣል። ሥጋው ብዙ፣ ስቡ መጠነኛ ነው። ወሎ ግን አንበጣን የሚያውቀው በመንጋ ነው። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አገሪቱን የወረረው የበረሃ አንበጣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜንና በደቡብ ወሎ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ ገበሬው በጅራፍና በጩኸት፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ተከላከለ። ሴቱም ወንዱም ማሳ ውስጥ ውሎ አደረ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ያሳየው መተባበር ሊመዘገብ የሚገባው ነው። በምድርም በአየርም እንደ ማላታይን ያለ ፀረ ተባይ ተረጨ። ከተረጨበት መንጋ የተለቀመ አንበጣ ደግሞ ለእስስት ግልጽ መርዝ ነው። ጥቂት ግራም የምትመዝን እንስሳ ትንሿን መጠን እንኳ አትችልም። መንጋ ሲመጣ ለቀለብ ብሎ አንበጣ መልቀም ጨርሶ መቅረት አለበት።

አሸን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ ምሽት ላይ ከመሬት ፈልቶ መብራቱን ይከባል። በወሎ በልግ ስለሚዘንብ ይህ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊታይ ይችላል። አሸን ለስላሳ ነው፤ እስስቶችም ይወዱታል። ስቡ ግን ብዙ ስለሆነ የከሳችን እስስት ወይም የወለደችን ለማበርታት እንጂ ለዘወትር አይሆንም። የሰም ትልም እንዲሁ ነው። ንብ አናቢ ቀፎ ሲያጸዳ ከአሮጌ የማር እንጀራ ውስጥ የሚያወጣውና የሚጥለው ያ ወፍራም ነጭ ትል ለእስስት ጣፋጭ ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ይበቃታል። እሱን ከለመደች ሌላ ምግብ አልበላም ትላለች።

ተምችና የጎመን ትል ካልተረጨ ጓሮ ከመጡ ይሰጣሉ። ፀጉራም አባጨጓሬ አይሰጥም። ከቲማቲም ወይም ከትምባሆ ቅጠል ላይ የተለቀመም አይሰጥም፤ የተክሉን መርዝ ይዞ ይመጣል። በቆላው ነጭ ወተት በሚያፈስ ቁጥቋጦ ላይ የሚቀመጡ ደማቅ ቀለም ያላቸው ፌንጣዎችም እንዲሁ ናቸው። ማታ የምታበራው ጥንዚዛ ከሁሉ ትከፋለች፤ እንሽላሊት መሰል እንስሳትን መግደሏ በሌላ አገር ተመዝግቧል። የቤት በረሮ በመርህ ደረጃ ጥሩ ምግብ ነበር። ነገር ግን ፍሊት ያልተነፋበት ጓዳ ከየት ይገኛል? ከቤት የተያዘ በረሮ ይቅር።

ቤት ውስጥ ማርባት

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል። አስተማማኙ ቀለብ እዚያው የተረባ ነው፤ የዱሩ ማጣፈጫ ነው።

ማታ ማታ የሚጮኸውን ቡናማ ፌንጣ ለማርባት አንድ ጥልቅ ባልዲ፣ ጥቂት የካርቶን የእንቁላል ትሪዎችና ፉርሽካ ይበቃሉ። ትሪዎቹ ቆመው ይደረደራሉ፤ ፌንጣዎቹ በጉድጓዶቹ ይሸሸጋሉ። ውኃ በሳህን አይሰጥም፣ ይሰምጣሉ፤ የድንች ወይም የካሮት ቁራጭ ይበቃቸዋል። ለእንቁላል መጣያ የሚሆን እርጥብ አሸዋ በጣሳ ይቀመጣል፤ ሴቷ ጭራዋ ላይ ባለው እንደ መርፌ ቀጭን ቱቦ እንቁላሏን ወደ አሸዋው ትወጋለች። ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ በፍጥነት ያድጋሉ። ኮምቦልቻና ባቲ ይህ አያስቸግርም። ደሴ ላይ ግን ባልዲው ከምድጃ ቤት ግድግዳ ካልተጠጋ ዕድገቱ ይንቀረፈፋል።

በፉርሽካ ውስጥ የሚያድጉት የጥንዚዛ እጮች ለማርባት ከሁሉ ይቀላሉ። ቆዳቸው ጠንካራ ስለሆነ ቆዳ ጥለው ገና ነጭ ሳሉ ቢሰጡ ይሻላል። እስስቷን ከውስጥ ቦርቡረው ይወጣሉ የሚባለው ወሬ ነው፤ የተኘከ ትል አይቦረቡርም።

ጥቁር ወታደር ዝንብ የምትባለዋ ዝንብ እጭ ከሁሉም ተለይታ ትታያለች። ቆዳዋ ካልሲየም ስለሚያጠራቅም ዱቄት ሳይነሰነስባት ትሰጣለች። የጓዳ ትርፍራፊ ትበላለች። ሞቃት ቦታ ትወዳለች።

ለአራስ እስስቶች ከዚህ ሁሉ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። በበሰበሰ ሙዝ ላይ የምትሰፍረው ደቃቅ ዝንብ ትስማማቸዋለች፤ ማሰሮ ውስጥ ሙዝ አስቀምጦ አፉን በሻሽ መሸፈን ነው። የደጋዋ እስስት ልጆቿን በአንዴ ስለምትወልድ ማሰሮው ከመውለዷ በፊት መዘጋጀት አለበት።

አመጋገብ

ግልገል በየቀኑ፣ ያደገች እስስት በየሁለት ቀኑ ትመገባለች፤ ለአዋቂዋ ከ4 እስከ 6 ነፍሳት ይበቃል። ሰዓቱ ረፋድ ነው። የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ እስስቷ ጠቁራ፣ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ትሞቃለች። ምላሷ በብርድም ይሠራል። የሚወረውራት ቀድሞ የተወጠረ ጅማት መሰል ነገር ስለሆነ እንደ ሌላው ጡንቻዋ በቅዝቃዜ አይደክምም። ሆዷ ግን ሳይሞቅ አይፈጭም።

ማደኗን በቅርብ ማየት ደስ ይላል። ለየብቻ ሲዞሩ የነበሩት ዓይኖቿ ሁለቱም ወደ ፊት ይመጣሉ። አፏ ጥቂት ይከፈታል፤ የምላሷ ጫፍ ብቅ ይላል። ከዚያ ፌንጣው ቦታው ላይ የለም። ጫፉ ላይ ያለው ዝልግልግ ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል እንደሚወፍር እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ያልበላችው ፌንጣ ማታ አብሯት አይደር፤ ተኝታ ሳለ ቆዳዋን ይበላል። ውኃ ከሳህን አትጠጣም፤ ቅጠል ላይ የተረጨ ጠብታ ትልሳለች።

ሕግ

ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስን፣ በ1981 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የደጋዋም እስስት ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ በሚካሄድ እንስሳት ዝርዝር፣ በሁለተኛው፣ ውስጥ ናት። በአገር ውስጥም ስለ ዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። እስስት ለመያዝ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተውን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።