ሴኩሪቲ ክሊራንስ ምንድን ነው? የድሮ ጥፋትስ ያስከለክላል?

አገር ቤት ክሊራንስ ሲባል ትዝ የሚለን ከሥራ ስንለቅ በየክፍሉ እየዞርን የምናስፈርመው ወረቀት ነው። አሜሪካ፣ በተለይ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ላለው ሐበሻ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው። የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ ማለት ነው። ግሪን ካርድ አይበቃውም፤ ዜግነት ይፈልጋል።

ድሮ የተፈረደበት ሰው ታዲያ አበቃለት? የለም። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት። ወንጀል አንዱ ብቻ ነው። ጥፋቱ መቼ ተፈጸመ? ሰውየው ያኔ ልጅ ነበር? ከዚያ ወዲህስ እንዴት ኖረ? ይህ ሁሉ ይታያል። ከአንድ ዓመት በላይ ተፈርዶበት ቢያንስ አንድ ዓመት የታሰረ ሰው ግን እጅግ ጥብቅ የሆኑትን ምስጢሮች እንዳያይ ሕግ ይከለክለዋል። እሱም ቢሆን በልዩ ፈቃድ ሊነሳለት ይችላል።

ሰዎችን ይበልጥ የሚጥላቸው፣ በእኔ እይታ፣ ጥፋቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። ለክሊራንስ የሚሞላው ኤስ ኤፍ 86 የሚባለው ፎርም ከመቶ ገጽ ያልፋል። ስለ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሲጠይቅ አንዳንዱን ነገር ላለፉት 7 ዓመታት ብቻ ይላል። ከባድ ወንጀል፣ መሣሪያ፣ መጠጥ ወይም ዕፅ ያለበት ክስ ሲሆን ግን «በሕይወትህ በሙሉ» ነው። ጠበቃው «ፋይልህ ተሰርዟል፣ እርሳው» ያለው ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ጥቂት የዕፅ ጉዳዮች ሲቀሩ የተሰረዘውም ይጻፋል። አውቆ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

የቶማስ ኢጋንን ነገር እንይ። በ1981 በዋሽንግተን ግዛት የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች በሚጠገኑበት ጣቢያ የጉልበት ሠራተኞች አለቃ ሆኖ ተቀጠረ። በ1983 ክሊራንስ ተከለከለ። ምክንያቱ በድብደባና፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሆኖ ሳለ መሣሪያ በመያዝ የተፈረደበት መሆኑ ነበር። በዚያ ላይ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ይዞ በመገኘት ቀድሞ የተፈረዱበትን ሁለት ጥፋቶች የሥራ ማመልከቻው ላይ አልጻፋቸውም። «ቅጣቴን ጨርሻለሁ» አለ። «7 ዓመት ያለፈውን አልጻፍኩም፤ ፎርሙ የሚጠይቅ አልመሰለኝም» ብሎም ተከራከረ። አልሆነለትም፤ ከሥራው ተባረረ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 ኢጋን ተረታ። ፍርድ ቤቱ ክሊራንስ የማንም መብት አይደለም አለ። ጥርጣሬ ካለ የሚያጋድለው ወደ አገር ደኅንነት ነው።

ረስቶ ወይም ፈርቶ ያልጻፈ ሰውስ? መመሪያው መውጫ ትቶለታል፦ መርማሪው መረጃውን አውጥቶ ሳያፋጥጠው በፊት፣ በራሱ ፈቃድና ቶሎ ብሎ ማረም። ከተፋጠጡ በኋላ «ኦ፣ ለካ እሱም አለ» ማለት እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ ፎርሙን ከመክፈት በፊት ፍርድ ቤት ሄዶ የራስን ፋይል ኮፒ ማውጣት ይሻላል። ቀኑን፣ የክሱን ስምና ውሳኔውን ከዚያ ላይ እያዩ መሙላት ነው።