አትማ ቪቻራ ምንድን ነው?

«ራሴን አመመኝ» ስንል ጭንቅላታችንን ነው። «ራሴን ጠላሁት» ስንል ግን ሌላ ነገር ነው የምንለው። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚያመለክተው ግን ሁለት ነገር። በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ውስጥ «አትማን» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ቦታ ይሠራል። በተራው ንግግር «ራሱን፣ ራሷን» እንደምንለው ያለ ነው፤ ኡፓኒሻድ በሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ግን ስምም፣ መልክም፣ ሐሳብም ከተነሣ በኋላ የሚቀረው የሰው እውነተኛ ማንነት መጠሪያ ሆነ። «ቪቻራ» ምርመራ ማለት ነው። አትማ ቪቻራ እንግዲህ ራስን መመርመር ነው።

እዚህ ላይ ቶሎ አንለፍ። ራስን መመርመር ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ጠባይን መገምገም ነው። የት አጠፋሁ? ለምን ቶሎ እናደዳለሁ? ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ አትማ ቪቻራ ግን እሱ አይደለም። ጥያቄው ጠባዩ ምን ዓይነት ነው ሳይሆን፣ ጠባዩ የማን ነው የሚል ነው።

ይህን መንገድ በቅርቡ ዘመን ከማንም በላይ ያሳወቁት ህንዳዊው መንፈሳዊ መምህር ራማና ማሃርሺ ናቸው። ታሪኩ የሚጀምረው ደቡብ ህንድ፣ ማዱራይ ከተማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ቬንካታራማን የሚባል የ16 ዓመት ተማሪ፣ የኋላው ራማና፣ አጎቱ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ድንገት «ልሞት ነው» የሚል ፍርሃት ያዘው። አልታመመም፣ ምንም አልሆነም። ሰው አልጠራም፣ ሐኪም ቤትም አልሮጠም። መሬት ላይ ተዘረጋ፣ እጅ እግሩን እንደ ሬሳ አደረቀ፣ ከንፈሩን ገጠመ፣ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ አሰበ። እሺ፣ ይህ አካል ሞተ። ወስደው ያቃጥሉታል። እኔስ? እኔም አብሬ ሞትኩ? በዚያች ሰዓት አካሉ በድን መስሎ ተጋድሞ እንኳን «እኔ» የሚለው ነገር ወለል ብሎ ታየው። በኡፓኒሻዶች ላይ የቆመውን ፍልስፍና፣ የቬዳንታን መጻሕፍት ገና አላነበበም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቤት ጠፍቶ ወጣ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን አሩናቻላ ተራራ ሥር ወዳለችው ቲሩቫናማላይ ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪያርፉም ድረስ ከዚያ ሌላ ቦታ አልኖሩም።

እ.ኤ.አ. 1902 አካባቢ አንድ ሰው ተራራው ላይ ወዳለው ዋሻ ጥያቄ ይዞላቸው መጣ። ያኔ አይናገሩም ነበር፤ የሚመልሱት በጽሑፍ ነው። ያ ምልልስ በኋላ በታሚል ቋንቋ «ናን ያር?» ተብሎ ታተመ። «እኔ ማን ነኝ?» ማለት ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው? እዚህ ላይ አማርኛችን በጣም ይረዳናል። ራበኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ እንላለን። አድራጊው እኔ አይደለሁም። ጭንቀቱ መጥቶ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ናት እኔን የምታመለክተው። እኛ ቀኑን ሙሉ የምናየው ግን «ጨነቀ» የሚለውን ነው፤ ምን አስጨነቀኝ፣ ማን አስጨነቀኝ፣ መቼ ይለቀኛል እያልን። «ኝ»ን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ራማና የሚሉት ሐሳቡን አትታገሉት፣ አትከተሉትም ነው። አንድ ሐሳብ ሲመጣ «ይሄ የመጣው ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለእኔ» የሚል መልስ ይመጣል። «እኔስ ማን ነኝ?» በሉና ትኩረታችሁ እዚያው «እኔ» የሚለው ስሜት ላይ ይረፍ። ሌላ ሐሳብ ሲመጣ፣ እንደገና። ሥራው ይኸው ነው።

ከጀርባው ግን ቀላል የማይባል አስተሳሰብ አለ። አድቫይታ ቬዳንታ የሚባለው የህንድ ፍልስፍና ሰውን በሚያይና በሚታይ ይከፍለዋል። ዕቃውን ዓይን ያየዋል። ዓይኑን ራሱን፣ ደከመ ወይም ጠራ ብሎ፣ አእምሮ ያውቀዋል። አእምሮውስ? ዛሬ ተረብሿል፣ ዛሬ ረግቷል እንላለን አይደል? ስለዚህ እሱም የሚታይ ነገር ነው። እሱን የሚያየውን ደግሞ «ሳክሺ» ይሉታል፣ ምስክር። ምስክሩን የሚያይ ሌላ ምስክር የለም።

እኔን በጣም የያዘኝ የእንቅልፉ መከራከሪያ ነው። ጭልጥ ባለ እንቅልፍ ውስጥ ሕልም የለም፣ ስሜ የለም፣ ሥራዬ የለም፣ ዕዳዬም የለም። ስነቃ ግን «ደስ የሚል እንቅልፍ ተኛሁ፣ ምንም አላየሁም» እላለሁ። ምንም እንዳልነበረ ማን አወቀ? የቬዳንታ ሊቃውንት መልሳቸው ግልጽ ነው፤ ያኔም ምስክሩ ነበረ፣ የሚመሰክርበት ነገር ነው ያልነበረው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄውን እንደ ጸሎት ቃል መደጋገም ላይ ነው። «እኔ ማን ነኝ፣ እኔ ማን ነኝ» እያሉ መቁጠር ቪቻራ አይደለም። መልስ መፈብረክም አይደለም፤ «እኔ አትማን ነኝ» ብሎ መመለስ እንኳን አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ነው። ህንድ ውስጥ ሬሳ ሲቃጠል ማገዶው በአንድ እንጨት ይገላበጣል፣ በመጨረሻ ያ እንጨት ራሱ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ራማና ጥያቄውን በዚያ እንጨት ነው የመሰሉት። ከተለመደው ተመስጦ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በተመስጦ አንድ ነገር ይያዛል፤ ትንፋሽ፣ ብርሃን፣ የአምላክ ስም። በቪቻራ የሚያዘው ያዡ ነው።

ይህ የሁሉም ሂንዱ እምነት እንዳይመስላችሁ። አድቫይታ አትማንና ብራህማን፣ ማለትም የፍጥረት ሁሉ መሠረት የሆነው፣ አንድ ናቸው ይላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት የሂንዱ ፈላስፋ ማድቫ ግን ነፍስና አምላክ ለዘላለም ይለያያሉ ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ቡድሂስቶች ደግሞ ፈልጋችሁ የምታገኙት ቋሚ «ራስ» የለም ባዮች ናቸው። ክርክሩ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው፣ ዛሬም አልበረደም። አንባቢው የራሱን እምነት ይዞም ቢሆን ጥያቄውን ሊያየው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ቤትና ሥራ ትቶ መመነን ግዴታ አይደለም። ትዳሬን ትቼ ልምጣ ወይ ብለው ለጠየቋቸው ሰዎች ራማና ባላችሁበት ሥሩት ነበር የሚሏቸው። ለመጀመር የሚመች አንድ ሰዓት አለ። ከእንቅልፍ ስንነቃ፣ ስማችን፣ ያለንበት ክፍል፣ የዛሬው ጉዳይ ተንጋግቶ ከመምጣቱ በፊት አንዲት አጭር ቅጽበት አለች። ነቅተናል፣ ግን ገና ማንንም አልሆንንም። ራማና ይህችን ቅጽበት ደጋግመው ያነሱ ነበር። ነገ ጠዋት ስልካችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ፈልጓት።