የተምች ሕዋስ ቅባት፦ ኤስኤፍ9 ከዘር እስከ እርጅና

ኤስኤፍ9 በሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ከሚባለው የአሜሪካ ተምች የተገኘ፣ በላቦራቶሪ ያለማቋረጥ የሚራባ የሕዋስ ዘር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አገራችን ገብቶ በቆሎ የፈጀው ያው ተምች ነው። ማሳው የተበላበት ገበሬ ላያምን ይችላል እንጂ ከዚሁ ሐረግ በወጣ ሕዋስ ክትባት ይመረታል፤ በጥር 2013 አሜሪካ የፈቀደችው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ፍሉብሎክ አንዱ ነው።

የነፍሳት ሕዋስን በዘላቂነት ያራባው የመጀመሪያው ሰው አውስትራሊያዊው ቶማስ ግሬስ ሲሆን፣ በ1962 ካንቤራ ላይ ከእሳት እራት የእንቁላል እጢ ነው የጀመረው። ከእሱ ቀደም ብሎ ቻይና ውስጥ የሐር ትል ሕዋስ ተራብቷል የሚሉም አሉ። ግሬስ በኋላ «የትንኝ ነው» ያለው ሌላ ዘር ሲመረመር የእሳት እራት ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ግን የፊተኛውን ሥራ አያሳንስበትም። የኤስኤፍ9 እናት ዘር የሆነው ኤስኤፍ21 በ1977 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል ተዘጋጀ፤ ኤስኤፍ9 በ1983 ቴክሳስ ከእሱ ተለየ።

ሕዋሱ 27 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይበቃዋል፣ እንደ አጥቢ ሕዋስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠይቅም፣ በአንድ ቀን ገደማ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል። አስቸጋሪው ቅባቱ፣ ማለትም ሕዋሱ የሚያስፈልገው ስብና ኮሌስትሮል ነው። ነፍሳት ኮሌስትሮልን ከመነሻው መሥራት አይችሉም፤ ከምግባቸው ያገኙታል። በብልቃጥ ውስጥ ምግቡ ከጥጃ ሽል ደም የሚወጣ ፈሳሽ፣ ሴረም ነው። ሴረም ከሌለ ኮሌስትሮል፣ ከኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት የተገኙ የስብ አሲዶችና ቫይታሚን ኢ በአልኮል ሟሙተው፣ ፕሉሮኒክ ኤፍ68 በተባለ ማዋሃጃ ቀስ እያሉ ይደባለቃሉ። ዘይቱ ከላይ ከተንሳፈፈ ድብልቁ ይደፋል፤ የዚህን ሥራ ትዕግሥት የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

ስለዚህ «የሕዋሱ ቅባት ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ሲገኝ በምን ተመግቦና በስንተኛው ቀን ተለካ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕዋሱ በፍጥነት በሚከፋፈልበት ወቅት ቅባቱ የሚውለው በአብዛኛው ለአዲስ የሕዋስ ሽፋን ነው፤ የሽፋኑ ዋነኞቹ ቅባቶች ፎስፋቲዲልኮሊንና ፎስፋቲዲልኢታኖላሚን ናቸው። የስብ አሲዶቹም በብዛት አንድ ድርብ ትስስር ያላቸው፣ ባለ 16 እና ባለ 18 ካርቦን ናቸው። ብልቃጡ ሞልቶ ዕድገቱ ሲቆም ትራይግሊሰራይድ የተባለው የክምችት ስብ ይጠራቀማል ይባላል። በማይክሮስኮፕ ለሚያይ ሰው በሕዋሱ ውስጥ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ናቸው። በዚያ ላይ፣ በሕዋሱ ያለው ኮሌስትሮል ለልጅ ሕዋሳት እየተከፋፈለ ስለሚሄድ፣ ምግቡ ካልታደሰ የእያንዳንዱ ድርሻ ይመነምናል።

ኮሌስትሮሉ ድሮውንም ከአጥቢ ሕዋስ በእጅጉ ያነሰ ነው። የዚህ ጣጣ ጎልቶ የታየው ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን በሚቀበል ፕሮቲን ነው፤ በነፍሳት ሕዋስ ሲመረት ሆርሞኑን በደካማው ይይዝ ነበር፣ ሽፋኑ ላይ ኮሌስትሮል ሲጨመርለት ግን አጥብቆ ያዘው። የ1995ቱ ሙከራ ይህን ካሳየ ወዲህ የሽፋን ፕሮቲን የሚያመርቱ ላቦራቶሪዎች ኮሌስትሮልን ማሰብ ግዴታቸው ሆኗል።

ከሌሎች የነፍሳት ሕዋሳት የድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) ሕዋስ ፎስፋቲዲልኢታኖላሚን የሚበዛበት ነው። የዴንጊንና የዚካን ቫይረሶች ለማራባት የሚያገለግለው የትንኝ ሕዋስ ሲ6/36 ደግሞ በኮሌስትሮል ረገድ እንደ ተምቹ ጥገኛ ነው።