የምጽዋት ቤት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ እንግሊዝ አረጋውያን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የዊንቸስተሩ የቅዱስ መስቀል ሆስፒታል ፎቶ አለበት። ከሥሩ ደግሞ በ1834ቱ የድሆች ሕግ ችግረኞች የታጎሩበት የምጽዋት ቤት ነው ይላል። ይህን ስህተት ስንቴ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በዛ።

ወንድሜ፣ የተምታታብህ ከወርክሃውስ ጋር ነው። የ1834ቱ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያስፋፋው እሱን ነው። ወርክሃውስ ችግረኞች እየሠሩ የሚጠለሉበት፣ ግን ታስቦበት ሰው እንዲሸሸው ተብሎ የተሠራ ቤት ነው። ውስጡ ያለው ኑሮ ውጭ ካለው የመጨረሻ ደሃ ሠራተኛ ኑሮ የባሰ መሆን አለበት የሚል መርህ ነበረው። ባልና ሚስት ሲገቡ ይለያያሉ። ልጆችም ከወላጆቻቸው ይነጠላሉ። ወጪው የሚሸፈነው ከንብረት ላይ በሚሰበሰብ ግብር ነበር።

የምጽዋት ቤት ግን ለችግረኛ አረጋውያን መኖሪያ ነው፤ የሚቆመውም ለጋሽ በተወው ሀብት ነው። አረጋዊው የራሱ ክፍል፣ የራሱ በር፣ የራሱ ምድጃ አለው። ያኔ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እዚያ ቦታ ለማግኘት የሚጓጉት ወርክሃውስ ውስጥ ላለመሞት ነበር። ሁለቱን አንድ ማድረግ መሸሸጊያውን ከሚሸሹት ነገር ጋር መደባለቅ ነው።

ዘመኑም አይገጥምም። የዊንቸስተሩን ቤት ጳጳሱ ሄንሪ ኦፍ ብሉዋ ያቋቋመው በ1130ዎቹ ነው። ከዚያ ሕግ 700 ዓመት ገደማ ይቀድማል። መጀመሪያ የታሰበው መሥራት ላቃታቸው 13 ድሆች ነበር። በየቀኑም ሌሎች 100 ድሆች ይመገቡበት ነበር። ዛሬም ጥቁር ወይም ቀይ ካባ የሚለብሱ አረጋውያን ይኖሩበታል። «ሆስፒታል» የሚለውም ስም ያኔ እንግዳና ችግረኛ መቀበያ ማለት ነበር፤ የሕክምና ቦታ ማለት ብቻ አልነበረም።

ቃሉ ራሱ ሳያሳስት አልቀረም። እኛ ምጽዋት ስንል ለለማኝ የሚጣል ሳንቲም ይታየናል። የምጽዋት ቤት በእንግሊዝኛ «አልምስሃውስ» ነው። «አልምስ» የሚለው ቃል ግን ሥሩ ግሪክ ነው፤ ትርጉሙም ምሕረት፣ ርኅራኄ ነው።

የምጽዋት ቤትን እንደ ውኃ ጉድጓድ አስቡት። አንድ ባለጠጋ ለተጠማ ይሁን ብሎ ያስቆፍራል። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱ የሱ አይደለም። ልጆቹም አይወርሱትም። የሚቀዳው ሰውም ባለቤት አይደለም፤ ውኃ ገዢም አይደለም። ጠባቂ ባለአደራዎች አሉ፤ እነሱም ሸጠው ገንዘቡን ሊካፈሉ አይችሉም። ጉድጓድ ደግሞ ደለል ይሞላዋል፣ መጠረግ አለበት። ዛሬ በእንግሊዝ የምጽዋት ቤት ነዋሪዎች በየሳምንቱ የሚከፍሉት የጥገና መዋጮ ለዚህ ነው። ከሥር ያለው ምንጭ ለጋሹ የተወው መሬትና ገንዘብ ነው። ምንጩ ከተነካ ጉድጓዱ ይደርቃል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋና ንብረታቸውን ሲወርስ፣ በሥራቸው የነበሩ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች አብረው የጠፉት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎችና የሙያ ማኅበራት አዳዲስ ቆፈሩ።

መዋጮው ኪራይ አይደለም። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1998 ግሬይ እና ቴይለር በተከራከሩበት ጉዳይ፣ የምጽዋት ቤት ነዋሪ ተከራይ አይደለም ብሏል። በፈቃድ የሚኖር የበጎ አድራጎት ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ተከራይ የሚያገኘው የሕግ ከለላ ለሱ የለውም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነገሩን ማሳመር ይሆንብኛል። ጥንትም ቢሆን ደንቡ ጥብቅ ነበር። ለመሥራቹ ነፍስ መጸለይ ግዴታ የነበረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በጀርመን፣ አውግስቡርግ ከተማ፣ ባለጠጋው ነጋዴ ያዕቆብ ፉገር በ1521 ባቋቋመው፣ ፉገራይ በሚባል ተመሳሳይ የድሆች መኖሪያ፣ ነዋሪዎች ዛሬም በቀን ሦስት ጸሎት ይጠበቅባቸዋል። የዓመት ክፍያቸው ግን 0.88 ዩሮ ብቻ ነው።

መጦሪያም አይደለም። በእንግሊዝ ዛሬ ከ30,000 በላይ ሰዎች በምጽዋት ቤቶች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ራሳቸው የሚያበስሉ፣ ራሳቸው የሚወጡ የሚገቡ ናቸው። አቅም ሲከዳቸውና የሰው እጅ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ግድ ይሆናል። የሥርዓቱ ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። በርህን ለምደህ በእርጅናህ ማብቂያ ትለቀዋለህ።

አንድ ነገር ልመንልህ። አሜሪካ ውስጥ ይኸው «አልምስሃውስ» የሚለው ቃል መንግሥት ድሆችን የሚያስገባበት ቤት መጠሪያ ነበር፤ የፊላደልፊያው የታወቀ ነው። የአሜሪካ መዛግብት አንብበህ ከሆነ መሳሳትህ አይገርምም። አንተ ግን ፎቶውን ያመጣኸው ከዊንቸስተር ነው።